የሦስት ቀን ኩርፊያ

አዲስ ቅዳም ከተማ ውስጥ ስለ ኩርፊያ ምክር የሚጠየቅ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ልብስ ሊያሰፉ የሚመጡ ሴቶች መጀመሪያ ስለ ቀሚሱ አንገት ያወሩኛል፤ ቀጥሎ ስለ እጅጌው። ወገባቸውን ስለካ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ስሜነሽ፣ ባለቤቴ አስመርሮኛል፤ ወደ አባቴ ቤት ልሂድ እንዴ?» ይሉኛል። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ እንደ ትልቅ ሐኪም ትኩር ብዬ አያቸዋለሁ። መድኃኒቱን ባላውቀውም በሽታውን ታምሜዋለሁ።

ሁሉንም የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፤ «ልጅሽንስ?» እላቸዋለሁ። እዚህ ላይ የሚስቁ አሉ። እነሱ ታሪኬን የሚያውቁ ናቸው።

የተወለድሁት ዘንገና ነው፤ ከሐይቁ አፋፍ ብዙም ሳይርቅ። አባቴ አበረ ድንችና ገብስ የሚያመርት፣ ቤት ውስጥ አገውኛ፣ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ሲናደድ ሁለቱንም ባንድ ላይ የሚናገር ሰው ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሁት በድህነት ነው ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ሒሳብ እምቢ ብሎኝ ነው። ከዚያ እንጅባራ ሄጄ ስፌት ተማርሁ። የሚገርመው፣ የስፌቱ ሒሳብ ገባኝ። ጨርቅ ላይ ልኬት ስቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። የምስተው ሰው ላይ ነው።

ባሌን ይኸነውን ያገባሁት በሃያ ዓመቴ ነበር። የአዲስ ቅዳም ልጅ ነው፤ የከሰል ነጋዴ፤ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ። ከሰል እያስጫነ ነጭ ሸሚዝ የሚለብስ ወንድ ሳይ ልቡም ንጹሕ መሰለኝ። ሸሚዙን የሚያጥበው ማን እንደሚሆን ማሰብ ነበረብኝ።

ልጃችን ፋና በተወለደች በዓመቷ፣ ከእናቱ ቤት ጀርባ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ሁለታችን ሆነን ዲከረንስ ተከልን። ዲከረንስ እዚህ አገር ገበሬው ሁሉ ለከሰል የሚተክለው ዛፍ ነው፤ አራት አምስት ዓመት ጠብቀው ይቆርጡታል። ችግኙን በበጋ ውኃ እያመላለስሁ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ፋናን አዝዬ። ዛፉና ልጅቱ እኩል አደጉ። ዛፉ ሲደርስ ቤታችንን እንሠራለን እንባባል ነበር። እኔ እንዲያውም የመስኮቱን መጋረጃ ቀድሜ ሰፍቼ አስቀምጬ ነበር፤ መስኮቱ ገና ዛፍ ላይ ሳለ።

በ2007 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ አንዲት ጎረቤቴ ቀሚስ ልታሰፋ መጣችና «ሞተሩ ግን እንዴት ያምራል!» አለችኝ።

«የማን ሞተር?» አልኋት።

ባሌ ዛፉን እንደቆመ ሸጦ ሞተር ብስክሌት መግዛቱን የሰማሁት የሰው ወገብ እየለካሁ ነው። የዚያች ሴት ቀሚስ ወገቡ ጠቦ ቀረ። በልኬት የተሳሳትሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ይኸነው ሲመጣ ደጃፍ ላይ ጠበቅሁት።

«ሳትጠይቀኝ?» አልሁት።

«አንቺ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«የምጠይቅህ ስለ ዛፉ ነው!»

«ዛፉማ ተሽጧል፤ አለቀ» አለኝና ሞተሩን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። የወለወለበት ጨርቅ የእኔ ነጠላ ነበር።

አምስት ዓመት የደከምሁበት ነገር በሁለት ቃል አለቀ። በዚያ ቤት ውስጥ እኔ የምባል ሰው እንደሌለ ነው የቆጠረው። ያኔ ነው ለመኩረፍ የወሰንሁት።

በእኛ አገር ሚስት ስትኮርፍ ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች። ይህ ፍቺ አይደለም፤ አቤቱታ ነው። ባል ይቸገርና ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሌዎቹ መጥተው ይለምናሉ፤ እሷ እምቢ ትላለች፤ እንደገና ይመጣሉ፤ በመጨረሻ ጥፋቱ ተነግሮት፣ ካሳው ተቆርጦ፣ እሷም ተከብራ ትመለሳለች። ሟች እናቴ በዚህ ትምህርት ሊቅ ነበረች። «ልጅ ይዘሽ እንዳትሄጅ» ትለኝ ነበር። «ልጅ ይዛ የኮረፈች ሴት ባሏን አሳርፋው ነው የሄደች። ልጁን ትተሽለት ሂጅ፤ ሦስት ቀን አይሞላውም፣ ሽማግሌው ይመጣል። ሁለቴ መልሽ፤ ሦስተኛው ላይ አልቅሽ።»

እኔንም ሁለት ጊዜ ትታኝ ኮርፋለች። ያኔ ምን ተሰምቶኝ እንደነበር ግን አላስታውስም፤ ወይም አላስታውስም እል ነበር።

ሐሙስ ለመሄድ ወሰንሁ። ስሌቴ ይህ ነበር። ዓርብ የፋናን ፀጉር መሥራት ያቅተዋል። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ልጅ ይዞ ከሰል ማስጫን አይችልም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌ ይልካል። ሒሳብ እምቢ ያላት ሴት ያወጣችው ሒሳብ ነው፤ እናቱ እንዳሉ እንኳ አልቆጠርሁም።

ያሳሰበኝ የስፌት መኪናዬ ብቻ ነበር። ዛፍ የሸጠ ሰው መኪና መሸጥ አያቅተውም። ልጅ ግን አይሸጥም። ስለዚህ የመኪናውን አናት ከእግሩ ፈትቼ፣ በነጠላ ጠቅልዬ ታቀፍሁት። ፋናን ደጃፍ ላይ ሳምኋት።

«የት ልትሄጅ ነው?» አለችኝ።

«አያትሽ ጋ። እሁድ እመጣለሁ።»

የታቀፍሁትን ነጠላ አየችው። ከዚያ እጆቿን ወደ ኋላ ደብቃ ዝም አለች። የስድስት ዓመት ልጅ ዝም ስትል አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን የማስበው ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ሰው ሁሉ ሕፃን የታቀፍሁ መስሎት ቦታ ለቀቀልኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት እንጅባራ እስክንደርስ ነጠላውን ሲያዩ ቆይተው፣ «ይህ ልጅ እንዴት ያለ ጨዋ ነው፤ አንዴ እንኳ አላለቀሰም» አሉኝ።

«አዎ፣ ጨዋ ነው» አልሁና ይበልጥ ሸፈንሁት።

አባቴ ሲያየኝም መጀመሪያ የሮጠው ወደ ነጠላው ነው። ገልጦ ብረት ሲያገኝ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ትርጉሙን እዚህ አልጽፈውም። ቀጥሎ በአማርኛ «ልጅቱስ?» አለኝ።

«ሽማግሌ እንዲያመጣልኝ ትቻት ነው።»

«ቁርጥ እናትሽን» ብሎኝ ወደ ድንቹ ሄደ።

እሁድ ሲደርስ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ጓዳ ተቀመጥሁ፤ ሽማግሌ የምትጠብቅ ሴት ደጅ አትታይም። ማንም አልመጣም። ዝናቡ ከልክሏቸው ነው አልሁ። በሁለተኛውም እሁድ ቀሚሱን ለበስሁ። በሦስተኛው እሁድ ሰማዩ ጠርቶ ስለዋለ ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልሁ። በአራተኛው አባቴ፣ «ይህ ቀሚስ ሽማግሌ ሳያይ ሊያልቅ ነው» አለኝ።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። እኔ ምላጩን ውጬ በላዩ ውኃ የጠጣሁ ነኝ። ልጄ ትናፍቀኝ ነበር፤ ጧት ስነሣ እጄ የፀጉሯን ሹሩባ ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን በእግሬ ልሄድ ተነሥቼ ከእንጅባራ ተመልሻለሁ። ሽማግሌ ሳይመጣላት የተመለሰች ሴት ዕድሜ ልኳን አንገቷን ደፍታ ትኖራለች ትል ነበር እናቴ። እናቴ ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል፤ እኔ ግን አሁንም የምማከረው ከእሷ ጋር ነበር። ለይኸነው ስልክ ስደውልለት ድምፄን ይሰማና «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ኔትወርክ የሌለበት ሰው እንዴት እንደሚመልስልኝ እንኳ አልጠየቅሁም።

በሰባተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ መጡ።

ጋሼ ደሴ በፈረሳቸው፣ ቄስ ገብረ ማርያም በበቅሏቸው። ጋሼ ደሴ የአዲስ ቅዳም ጎረቤታችን ናቸው፤ በጥር በፈረሰኞች በዓል ላይ ስልሳ ዓመታቸውን ረስተው የሚጋልቡ። ቄስ ገብረ ማርያም የነፍስ አባታችን ናቸው። ዝናቡ ከራስ እስከ እግራቸው አርሷቸው ከደጃችን ብሳና ሥር ቆሙ። ሽማግሌ ግቡ ካልተባለ አይገባም።

በጓዳው ስንጥቅ ሳያቸው ደስታዬ ወሰን አጣ። ይኸነው ተሸነፈ! ቀሚሱን ለበስሁና አባቴን ጠርቼ በጆሮው፣ «የመጀመሪያው ነው፤ መልሳቸው» አልሁት።

«በዚህ ዝናብ? ይግቡና ይጠለሉ እንጂ!»

«ከገቡ እሺ አልሁ ማለት ነው።»

አባቴ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ከኋላው በጨለማው ውስጥ ነበርሁ። ቄስ ገብረ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አቶ አበረ፣ መጀመሪያ የላከን ማን እንደሆነ እንንገርዎ» ሲሉ የአባቴን ጋቢ ጫፍ ጎተትሁ። የይኸነውን ስም ሰምቼ ልቤ እንዳይራራ ፈርቼ ነው።

«የላካችሁንማ እናውቃለን» አለ አባቴ። «ለላካችሁ እንዲህ በሉልኝ፦ ልቧ ገና አልበረደም።»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩት። ጋሼ ደሴ ፈረሳቸው ላይ ወጥተው ወደ ቤቱ ዞር ሲሉ ፊታቸውን አየሁት። አዝነው ነበር። እኔ ግን የተሸናፊ ወገን ፊት ነው ብዬ ቆጠርሁት። ያን ቀን ድንች በልቼ ጠገብሁ፤ ቀሚሱንም ለሁለተኛው ዙር አጠብሁት።

መስከረም ላይ ደጃችን ላይ ሰው ቆመ ሲሉኝ ሮጬ ለበስሁት። የመጣው የቀበሌው ሚሊሻ ነበር። በእጁ የያዘው የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው።

ይኸነው ከስሶኛል። «ትዳሯንና የስድስት ዓመት ሕፃን ልጇን ጥላ፣ የስፌት መኪናዋን ይዛ ከቤት የወጣች ስለሆነ፣ ጋብቻው እንዲፈርስና ሕፃኗ ከእኔ ጋር እንድትኖር እንዲወሰንልኝ» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ውሸት ፈልጌ አንድም አጣሁበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ይኸነው ለምን ክስ እንደመረጠ በኋላ ነው የገባኝ። ሞተር ሁለት ሰው ይጭናል። ከኋላው የምትቀመጠው የዳንግላ ልጅ እንደሆነች አገሩ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ቀሚሷን ሳልሰፋላት ስለቀረሁ እኔ አልሰማሁም። ለትዳሩ ሁለት ቀን አለቀስሁና በቃኝ። የፋና ነገር ግን ሌላ ነው። ፋናን ከምነጠቅ ሁለት እጄን ብነጠቅ ይሻለኛል፤ ይህን ያለ ቀልድ ነው የምናገረው።

ወረዳው ፍርድ ቤት በር ላይ አሳምነው የሚባል ማመልከቻ ጸሐፊ አለ፤ ጃንጥላ ዘርግቶ ይቀመጣል።

«ልጅሽን ለምን ተውሽ?» አለኝ ብዕሩን አዘጋጅቶ።

«ኮርፌ።»

«ኩርፊያ የሚባል አንቀጽ የለም።»

«ታዲያ ሕጉ ምን ይለዋል?»

«ጥሎ መሄድ» አለኝ። ብዕሩን ይዞ አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ በአካባቢው ልማድ መሠረት እያለ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈልኝ።

ዳኛዋ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ሴት ነበረች። ሁለታችንን አቁማ አዳመጠችን። ይኸነው ነጭ ሸሚዙን ለብሷል፤ አንገትጌው ላይ ጥቁር መስመር አለው። የዳንግላዋ ልጅ ሳሙና አታበዛም አልሁ በሆዴ። በዚያ ሰዓት እንኳ የማስበው ይህን ነው።

«የስፌት መኪናውን ይዘሽ ልጅሽን ለምን ተውሽ?» አለችኝ ዳኛዋ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ መኪና ይሸጣል፤ ልጅ አይሸጥማ!» አልሁ።

አዳራሹ ሳቀ። ዳኛዋም ብዕሯን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ትልቅ መልስ የመለስሁ መስሎኝ ኮራ ብዬ ተቀመጥሁ። ያልሁትን ራሴ የሰማሁት ከተቀመጥሁ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የይኸነው ምስክር ተጠሩ፤ እናቱ እማማ እናትነሽ። እኒህ ሴት ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራሁትን ወጥ ቀምሰው «ጨው ረስተሻል» ሲሉኝ የኖሩ ናቸው። ጨው ያልረሳሁ ቀን «በዝቷል» ይላሉ። መሐላ ሲፈጽሙ፣ አለቀልኝ አልሁ።

«ሕፃኗን የሚንከባከባት ማን ነው?» አለች ዳኛዋ።

«እኔ ነኝ። ልጄማ የሚንከባከብ ሞተሩን ነው።»

ይኸነው «እማ!» አለ። ዳኛዋ ዝም እንዲል በእጇ አሳየችው።

«እናቷ ጥላት ነው የሄደችው?»

«ጥላት አይዶለም፤ ኮርፋ ነው። እኔም አባቱን ስኮርፍ ይኸን ልጅ ትቸው ነበር የምሄድ። ይኸው፣ ቁሟል!» ብለው በጣታቸው አሳዩት። «ብቻ የዛሬ ወንድ ሽማግሌ መላክ አያውቅም። እኔ አርጅቻለሁ የኔ እመቤት። ዓይኔ ደክሟል፤ የልጅቱን ሹሩባ ስሠራው ይጣመማል። ጧት ጧት በር ላይ ቁማ መንገዱን ታያለች። እናቷ ትውሰዳት።»

የመጨረሻውን ሲሉ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ልጃቸው ከሞተሩ ስለማይወርድ፣ ልጅቱ ከሄደች ቤቱ ውስጥ የሚቀሩት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ሰባት ዓመት ስላማኋቸው አፈርሁ። ከዚያ በኋላ ዳኛዋ ፋናን አስመጥታ ለብቻዋ ቢሮዋ ውስጥ አነጋገረቻት፤ ምን እንዳለቻት ማንም አልነገረኝም።

ታኅሣሥ ላይ ለውሳኔ ተጠራን። ዳኛዋ ጋብቻው መፍረሱን አነበበች፤ አልደነገጥሁም። ቀጠለች፦ «ሕፃን ፋና ይኸነው ለብቻዋ ተጠይቃ፣ አቶ ደሴንና ቄስ ገብረ ማርያምን ወደ እናቷ ሽማግሌ ልካ እንደነበር፣ እናቷም እምቢ ብላ እንደመለሰቻቸው ያስረዳች ቢሆንም፣ የሕፃኗን ዕድሜና ደኅንነት እንዲሁም የአያቷን ምስክርነት በመመልከት፣ ከእናቷ ጋር እንድትኖር፣ አባቷም በየሳምንቱ ቅዳሜና እሁድ እንዲጠይቃት ተወስኗል።»

ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለሽ» ይለኛል። አሳምነው ጃንጥላውን ትቶ መጥቶ ጨበጠኝ። እኔ ከውሳኔው የሰማሁት የሽማግሌውን ነገር ብቻ ነበር።

በቀጥታ ጋሼ ደሴ ቤት ሄድሁ። ፈረሳቸውን እያጠቡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ ደሴ፣ ያኔ በዝናቡ፣ ማን ነበር የላካችሁ?»

«ሴት የላከው ጅብ አይፈራም ሲባል አልሰማሽም?» አሉኝ። «በዚያ ዝናብ ዘንገና ድረስ የሚያስኬደን ሌላ ማን አለ ልጀ?»

ከዚያ ተቀመጡና ነገሩኝ። አንድ ጧት በራቸውን ሲከፍቱ ፋና ቆማለች። ትከሻዋ ላይ ድንጋይ አለ። በእኛ አገር ያጠፋ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ትልልቆቹ ሲያደርጉት አይታ ነው። የእሷ ድንጋይ ድንች የምታህል ናት፤ እንዳትወድቅባት በሁለት እጇ ይዛታለች። «እናቴን አስቀይሜያት ኮርፋለች፤ ሽማግሌ ሂዱልኝ» አለቻቸው።

ምን አድርገሽ ነው ሲሏት፣ «የመኪናዋን መርፌ ሰብሬ ዝም አልሁ። አወቀችብኝና መኪናዋን ይዛ ሄደች» አለች።

መርፌው ተሰብሮ እንደነበር አውቃለሁ። አባቴ ቤት መኪናውን ስፈታው አይቼዋለሁ። መንገድ ላይ የተሰበረ መስሎኝ ሌላ ቀይሬ መስፋቴን ቀጠልሁ።

«ለምን አልነገራችሁንም?» አልኋቸው፤ ሌላ የምጮህበት ሰው አጥቼ።

«ልንነግራችሁ ስንል እናውቃለን አላችሁና! በሁለተኛው እንነግራቸዋለን ስንል ክሱ መጣ። ሕግ የያዘውን ነገር ሽማግሌ አይነካም ብለን ተውነው።»

«ለልጅቱስ ምን አላችኋት?»

ጋሼ ደሴ የፈረሱን ጋማ ማበጠር ጀመሩ። «ሽማግሌ የተሰጠውን መልስ ነው የሚያደርስ» አሉ። «ልቧ ገና አልበረደም አልናት።»

እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። እናቴ ስትኮርፍ እኔ ምን እንደሆንሁ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አምስት ዓመቴ ነበር። በር ላይ ቆሜ ያጠፋሁትን ነገር ሁሉ በጣቴ እቆጥር ነበር። የደፋሁትን ወተት፣ የጠፋብኝን ጫጩት። ከሃያ ዓመት በላይ ረስቼው ኖሬ፣ ትምህርቷን ብቻ ይዤ ልጄ ላይ ደገምሁት።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በማግሥቱ ሞኟ ከነወረቀቷ እማማ እናትነሽ ቤት ሄደች። ፋና ስታየኝ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ገባች። «ነይ» አልኋት፤ አልመጣችም። ውሳኔውን አሳየኋት፤ ማኅተም አለው። አንደኛ ክፍል ገብታለችና ጎንበስ ብላ አየችው። የምታውቀውን ሁለት ሦስት ፊደል ፈልጋ አገኘችና ተመልሳ ተደበቀች። አሳምነው «ፖሊስ ይዘሽ አስፈጽሚ» አለኝ። ልጄን በፖሊስ አስይዤ ልወስድ! ቂል ብሆንም እዚያ ድረስ አይደለሁም።

ስለዚህ ሽማግሌ ላክሁ። ለሰባት ዓመት ልጅ።

ጥር ገብቶ ነበርና ጋሼ ደሴ ለፈረሳቸው የበዓሉን ጌጥ አልብሰው፣ ቄስ ገብረ ማርያም በበቅሏቸው፣ ያው ሁለቱ ሄዱ። የጋሼ ደሴ ቤት ከእማማ እናትነሽ ግቢ በእግር አምስት ደቂቃ ነው፤ ግን ክብሯ ነው ብለው በፈረስ ሄዱ። እኔ ጋሼ ደሴ ቤት ሆኜ ጠበቅሁ። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ።

«ምን አለች?»

«ልቤ ገና አልበረደም አለች» አሉ ጋሼ ደሴ፤ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው። እኔ አልሳቅሁም።

በኋላ እማማ እናትነሽን መንገድ ላይ ሳገኛቸው፣ «የመጀመሪያውን እሺ አትበይ ያልኋት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ሴት ልጅ ከአሁኑ ትማር።» በሳምንቱ ሁለተኛውን ላክሁ፤ እሱም ተመለሰ። በዚያ ሳምንት ቀሚስ መልበስም ሆነ መብላት አላማረኝም። ያን ክረምት በሙሉ እሷ እንዴት እንዳሳለፈችው ቀን በቀን ገባኝ።

ለሦስተኛው ራሴ አብሬ ሄድሁ። ወንዝ ወርጄ ድንጋይ መረጥሁ። ጋሼ ደሴ «ቀነስ አርጊው፤ አንገትሽ ይሰበራል» ቢሉኝ አልሰማሁም፤ ጥፋቴን የሚመጥን ነው የምፈልገው አልሁ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጥፋቴን ትንሽ ብቀንሰው ኖሮ እያልሁ ነበር። የገበያ ሰው ቆሞ ያየኛል። ይኸነው በሞተሩ አጠገቤ ሲያልፍ ዝግ አለና ድንጋዩን አይቶ እንደገና ነዳው።

እማማ እናትነሽ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብዬ ቆምሁ። ፋና ወጣች። ሹሩባዋ ተጣሟል። ቄስ ገብረ ማርያም «ጥፋቷን ራሷ ትናገር» አሉ።

«የመርፌውን ነገር አላወቅሁም ነበር» አልኋት፤ አንገቴ ስለተጫነ የማየው እግሯን ብቻ ነው። «ባውቅም በመርፌ አልኮርፍም። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም። እሁድ እመጣለሁ ብዬሽ ቀረሁ። ሽማግሌሽንም ማን እንደላካቸው ሳልሰማ መለስኋቸው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ።»

እግሯ አልተንቀሳቀሰም።

«ካሳሽን ተናገሪ ልጀ» አሏት ቄስ ገብረ ማርያም።

እኔ ቀሚስ ትላለች ብዬ ጨርቁን ሁሉ በሐሳቤ መርጬ ነበር። ወደ እኔ ቀረብ አለች።

«ሁለተኛ ስትኮርፊ» አለች፣ «መኪናውን ትተሽ እኔን ይዘሽኝ ኮርፊ።»

«እሺ» አልሁ።

ድንጋዩን ልታወርድልኝ እጇን ዘረጋች። ከበዳት። አያቷ መጥተው አገዟት።